ግማሽ ዋንጫ እርጎ

አክስቴ ሰሚሃ ምራቋን ለመስጠት የተነሳችው የጡት ዝምድና በምራቅ ይታያል ብላ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው፣ እንደማይታይ እያወቅሁ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

ጊዜው ሰኔ 2015 ነው፤ ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ቤት። እንግዳችን ዑምኩልሱም ትባላለች። ፖርት ሱዳን ተወልዳ ሆላንድ የምትኖር፣ የአባቷን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ የመጣች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። አማርኛዋ ከአባቷ የወሰደችው የድሮ የወሎ አማርኛ ነው፤ እኛ ራሳችን የተውናቸውን ቃላት ትናገራለች። አባቷ አብዱልሰመድ ከመሞቱ በፊት ስለ አገሩ የነገራት ጥቂት ነው። «አምባሰል ተወለድኩ። ሐይቅ አንዲት የጡት እናት ነበረችኝ። ልጇን ላገባ ሄጄ ወንድሟ ሆኜ ተመለስኩ» ብሏታል። ያቺ ልጅ አክስቴ ሰሚሃ ናት።

ዑምኩልሱም ስለ አባቷ አባት ጥያቄ የላትም፤ ባላምባራስ ይመር ነው፣ የአምባሰል ባላባት። የቸገራት የአባቷ እናት ናት። ደሴ ላይ የድሮ የውርስ ክርክር ፋይል አስፈልጋ አስነብባ ነበር። የባላምባራስ ወንድም «ልጁ ከሚስቱ አልተወለደም፤ ሚስቱ ወልዳ አታውቅም» ብሎ ተከራክሯል። ታዲያ ከማን ተወለደ? ፋይሉ አይልም። ውጫሌ ሄደች። የድሮ ወረቀት ነበረበት የተባለው ክፍል በጦርነቱ በሩ ተገንጥሎ፣ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተረግጦ፣ የተረፈው እሳት ማያያዣ ሆኖ ጠበቃት። የራሷን ምራቅ ከዚህ በፊት ለምርመራ ሰጥታለች፤ ምራቃቸውን ከሰጡ ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል በአባቷ በኩል አንድ የቅርብ ዘመድ አልተገኘላትም። እዚህ ዘመድ ካገኘሁ ብላ ያመጣችው ባዶ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አልወጣም ነበር።

«ይኼ ምንድር ነው?» አለች አክስቴ ብልቃጡን ከተከፈተው ቦርሳ አንስታ።

«እቴት፣ ምራቅ ይተፋበትና ዘመድ ከዘመዱ ይለይበታል» አለች ዑምኩልሱም።

«እኔስ የጡት እህቱ አይደለሁ? አምጪው!»

ዑምኩልሱም ዞራ አየችኝ። እኔ እየሳቅሁ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። አሮጊት ደስ ካላት ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ከምርመራው በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም አፍ ውስጥ እንደማይገባ ሲነገራት ጫቷን ከአፏ አውጥታ በቁርጥራጭ ጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠች። ለአክስቴ ይኼ ቀላል መሥዋዕት አይደለም። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሳቄ ያን ጊዜ ቀጥ አለ።

«ስሚኝ አሲያ። አንቺም ልጄ ስሚ። እናቴ አጥብቼዋለሁ ብላ ነው ከአብዱልሰመድ የለየችኝ። ዋሽታ ነው ስል ኖሬያለሁ። ይኸው ምስክር መጣ። ከታየ መቃብሯ ድረስ ሄጄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። ካልታየ ግን በአኺራ፣ በፍርዱ ቀን እንገናኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እቴት፣ ጡት እዚህ ላይ አይወጣም፤ ባዶ መምጣቱ አይቀርም፤ እናትሽ ላይ በዚህ አትፍረጂባት» ማለት ነበረብኝ። ግን ከ2014 ወዲህ ነገር ወደ አፌ ቶሎ አይመጣልኝም። ልጄ ሙስዓብ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በጦርነቱ ሰሞን ወጥቶ አልተመለሰም። ሞቷል ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። ዑምኩልሱም ብልቃጡን ስትዘጋ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለአጥንትም ይሠራል?»

«ይኼኛው አይሠራም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቀጥሎም ስለ ሌላ ነገር አወራን።

አሁን ወደ ልጅነቴ ልመለስ፤ ነገሩን በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። አየሁ እንጂ አልገባኝም።

በ1968 ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሐይቁ ዳር ነው፤ ክረምት ሲበረታ ውሃው ጓሯችን ድረስ ይመጣና እንቁራሪት ከምጣዱ ሥር እናገኛለን። ቤቱ የአያቴ የዘሃራ ነበር። እኔ እምዬ እላታለሁ። እምዬ የአምባሰል ሰው ናት፤ ከዚያ ተድራ ሐይቅ መጣች፣ ባሏን፣ አያቴን ቀበረች፣ አባቴን ኑርዬንና አክስቴን ሰሚሃን አሳደገች። ስለ አገሯ አታወራም። የአምባሰል ገበያተኛ በደጃችን ሲያልፍ እንኳ ከማን መንደር ነህ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ከአፏ ትልቅ ቃል አይወጣም፤ እጇ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

የመሬት አዋጁ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል፤ ጠመንጃም ተሰጥቶታል፤ ጠመንጃውን ከምሰሶው ላይ ሲሰቅል ሁላችንም ዝም እንላለን። ቤት ውስጥ የማይገቡኝ ቃላት በዝተው ነበር። ባላምባራስ ይመር የሚባል ሰው አድኃሪ ሆኖ ሞተ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አድኃሪ ብርቱ የሆድ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር አድኃሪ የሆንኩ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

አብዱልሰመድ የሐይቅ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ለጎልማሶች ፊደል ያስቆጥራል። ሰሚሃ በዚያ ነው ያወቀችው። ስሟን መጻፍ ተማረች፤ ቀጥሎ የሱን ስም መጻፍ ተማረች፤ ልብስ ልታጥብ ወደ ውሃው ስትወርድ እርጥብ አሸዋ ላይ ትጽፈውና በእግሯ ትደመስሰዋለች። ማንበብ ስለማልችል እኔ ፊት አትሸሽግም። እምዬ ግን ዋርካው ሥር ሄዳ አታውቅም። «ለፊደል አልደረስኩም፣ ልጅ ነኝ» እያለች ትቀልዳለች። አስተማሪው ደግ ሰው ነው ሲሉ ሰምታለች እንጂ ፊቱን አላየችም፤ አባቱ ማን እንደሆነም የነገራት የለም።

ሽማግሌ የተላከ ቀን ቤቱ በውሃ ተረጭቶ ተጠርጓል። በወይራ የታጠነ የቅል እርጎ ከጓዳ ወጥቷል። ከኛ ወገን አባቴና ሸሁ ተቀምጠዋል። ከአብዱልሰመድ ወገን የመጡት ሽማግሌ አያ ታረቀኝ ይባላሉ፤ ከአምባሰል የመጡ ክርስቲያን ናቸው። በባላምባራስ ቤት በር ጠባቂ ሆነው የኖሩ፣ ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። አብዱልሰመድ ራሱ ከበሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሰሚሃ ጓዳ ናት፤ እስትንፋሷ ይሰማል።

ከመጋባት በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሸሪዓው እንዲህ ባያጠብቀውም የአገራችን ወግ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቆጥራል። እምዬ እርጎውን በዋንጫ እየቀዳች ታድላለች። ዋንጫውን ለአብዱልሰመድ ስትሰጠው ሸሁ «እስቲ ልጄ፣ ከራስህ ጀምር» አሉት።

«አብዱልሰመድ ይመር» አለ።

እምዬ ዋንጫውን ሳትለቅ ቆመች። እሱ ይዞታል፣ እሷም ይዛዋለች።

«የየትኛው ይመር?» አለችው።

«የባላምባራስ። ከውጫሌ በላይ ያሉት።»

«እናትህ አሉ?»

«አልፈዋል፣ አላህ ይዘንላቸው።»

እጆቹን አየች። እኔም ምን እንደምታይ ለማወቅ አየሁ። እጆች ናቸው። ከዚያ ዋንጫውን ለቀቀችለትና መጋረጃውን አልፋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ የመሰለኝ ሰውዬውን ጠላችው ነው። የሆድ በሽታ ያለበት ሰው ልጅ ስለሆነ ዋንጫችንን ይበክለዋል ብላ የሰጋች መሰለኝ።

ስሞቹ ተቆጠሩ። የኛም ተቆጠሩ። እኔ አያቶቼን እስከ ሰባት በቃሌ ስለማውቅ አባቴ አንዱን ሲዘል ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። አብዱልሰመድ ከእርጎው ግማሹን ጠጥቶ፣ እንግዳ ሁሉ እንደሚያደርገው ግማሹን ትቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ሸሁ ጣታቸውን ዘግተው «ንጹሕ ነው። በየትም አይገናኙም። አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ይገናኛሉ» አለች እምዬ ከመጋረጃው ኋላ።

ሁሉም ዞረ።

«በየት በኩል?» አሉ ሸሁ።

«በጡት።»

ወጥታ መሐል ላይ ቆመች። «ባላምባራስ ቤት ገረድ ነበርኩ። ይኼን ልጅ ያጠባሁት እኔ ነኝ። ጡት ሲጥል ሂጂ አሉኝ፤ ሄድኩ።»

አባቴ ብድግ አለ። «እማ! ይኼን አንድ ቀን ተናግረሽ አታውቂም እኮ!»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሸሁ በረጋ ድምፅ መረመሯት። «አንድ ሁለቴ አቅምሰሽው ነው ወይስ በርግጥ አሳድገሽው?»

«ሌላ ጡት አያውቅም።»

«እመቤቲቱስ?»

«ወተት አልነበራቸውም።»

ቁርኣን መጣ። እጇን ጭና ማለች። ድምፅዋ ከወትሮው አልተለወጠም፤ ዋጋ እንደምትናገር ሴት ነበር የምትናገረው። ከዚያ አያ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሸሁ፣ እኔም እመሰክራለሁ። ያኔ በዚያ ቤት በር ላይ ነበርኩ። ይቺው ናት። ሕፃኑን ታቅፋ አይቻታለሁ። ያለ ሕፃኑ ስትወጣም የከፈትኩላት እኔ ነኝ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ታመው መሰለኝ። በዚያ ሰሞን የዓይን ማዝ በሽታ ገብቶ ነበር።

«እንግዲህ አለቀ» አሉ ሸሁ። «እህትና ወንድም ናችሁ። አላህ የከለከለውን እኛ አንፈቅደውም።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። አብዱልሰመድ ተነስቶ እምዬ ፊት በርከክ አለ። ጉልበቷን ሳመ።

«እንግዲያስ እናቴ ነዎት» አላት። «ይመርቁኝ።»

ያጠባች ሴት እንዲህ ስትባል የልጁን ራስ ይዛ ትስማለች። እምዬ አልሳመችውም። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ጨብጣ ይዛ፣ «እደግ፣ እደግ» ብቻ አለችው። ተጸየፈችው ብዬ አፈርኩ። አሁን ሳስበው፣ እጇን ብታወጣ ኖሮ የምትመልሰው አይመስለኝም።

እንግዶቹ ሲወጡ ጓሮ ሄድኩ። እምዬ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ቆማለች። እጇ ላይ አብዱልሰመድ የተወው ዋንጫ አለ። ዋንጫውን ቀስ እያደረገች አዞረችው፤ ጥቁር ቀንድ ስለሆነ የእርጎው ነጭ ምልክት የሱ ከንፈር ያረፈበት ላይ ይታያል። እዚያ ላይ ስትደርስ ማዞሯን ተወች። አፏን በዚያው ላይ አድርጋ የተረፈውን ጨልጣ ጠጣችው። ከዚያም ጠርዙን በጣቷ ጠርጋ ጣቷን ላሰች። የእንግዳ ትራፊ ለውሻ ነው የሚደፋው። እምዬ ይህን ያህል ስስታም መሆኗን አላውቅም ነበርና ደነገጥሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም፣ ያሳፍራል ብዬ።

ከዚያ ሁሉ እኔ ይዤው የወጣሁት ትምህርት ወተት አደገኛ ነው የሚል ነበር። ከጎረቤታችን ልጅ ከኡበይድ ጋር የአንድ ላም ወተት መጠጣት አቆምኩ። ሳድግ እሱን ላገባ አስቤ ስለነበር ወንድሜ እንዳይሆንብኝ ነው። እናቴ ምክንያቱን ስትሰማ እስክትወድቅ ሳቀች። በዚያ ቤት ለብዙ ወራት የተሰማ ሳቅ ያ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሰሚሃ እምዬን ውሃው ዳር አገኘቻት። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያጠብኩ ነበር።

«ዋሽተሻል» አለቻት። «የባላባት ልጅ ስለሆነ ነው። የኑርዬ ሊቀመንበርነት እንዳይነካ መክራችሁ ነው። በቁርኣን ዋሽተሻል!»

«ወንድምሽ ነው» አለች እምዬ።

«ያንን ሽማግሌም በሐሰት አስመስክራችሁታል!»

«ሰሚሃ፣ ወንድምሽ ነው።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሰሚሃ ባለቀሰችም፣ በጮኸችም፣ መሬት ላይ በተንከባለለችም ቁጥር ያቺኑ ትመልስላታለች። ግትር ናት አልኩ በልቤ፤ ምን ነበረበት ትንሽ ብታባብላት? ከዚያ ቀን በኋላ ሰሚሃ «እማ» ብላ ጠርታት አታውቅም። የምትፈልጋት እንደሆነ «ሴትዮዋ» ትላለች፤ ያውም በሌላ ሰው በኩል።

በ1969 ጦርነቱ በምሥራቅ ሲጋጋም ለሚሊሺያ ዘመቻ ሰው ይመለመል ጀመር። አብዱልሰመድ በፈቃዱ ተመዘገበ ተባለ። የሚሄዱበት ቀን መኪኖቹ ከአስፋልቱ ላይ ተሰልፈው የሕዝቡ እልልታና ልቅሶ አንድ ላይ ሆነ። ሰሚሃ ከቤት አልወጣችም። እምዬ ግን ስትሮጥ አየኋት፤ በዕድሜዬ ስትሮጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በጨርቅ የተቋጠረ ጭኮ ይዛለች። መኪኖቹን አንድ ባንድ በዓይኗ እየፈለገች ደረሰች፤ የመጀመሪያዎቹ ግን መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ጭኮውን መጨረሻው መኪና ላይ ለተቀመጠ ለማታውቀው ልጅ አቀበለችና አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች።

ቤት ገብቼ ለሰሚሃ ነገርኳት።

«መሄዱን ልታረጋግጥ ነው» አለች።

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ኖረ።

ሌላው አጭር ነው። አብዱልሰመድ ከጦርነቱ ተርፎ፣ ሱዳን ገብቶ፣ አርጅቶ አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፤ ይኼን ያወቅነው ልጅቱ ስትመጣ ነው። ሰሚሃ እህል ነጋዴ አገባች፣ አሁን ባልቴት ናት። አባቴ ሞቷል። እምዬ በ1987 ሞተች። ሰሚሃ ለቀብሩ የሚገባውን ሁሉ አደረገች፤ ከፈኑን የገዛችው እሷ ናት። ሴቶቹ «አውፍ በያት እንጂ፣ ልትወጣ ነው» ሲሏት ግን አፏን አልከፈተችም። እምዬ ያለ አውፍታ ተሸኘች።

ዑምኩልሱም የአክስቴን ምራቅ ይዛ ሆላንድ ተመለሰች። መስከረም 2016 ላይ ደወለች። እኛ ዘንድ ሌላ ተኩስ ጀምሮ ኢንተርኔቱ ጠፍቷል፤ በተራ ስልክ ነው ያገኘችኝ። ድምፅዋ ይቆራረጣል።

«አሲያ፣ እቴት ሰሚሃ ዘመዴ ሆና ወጣች። ሩቅ አይደለም። በጣም ቅርብ ነው። ያባቴ እህት ናት ይላል፣ በአንድ ወላጅ።»

«በየትኛው?» አልኳት። መልሱን ግን ከጥያቄዬ በፊት አውቄዋለሁ።

«በኤክሱ ይገጥማሉ፤ በሰፊው ነው የሚገጥሙት።»

ይኼን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ወንድ ልጅ ኤክስ የተባለውን ክሮሞዞም የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሴት ልጁ የሚያስተላልፈው ያንኑ ነው። ዑምኩልሱም ከአባቷ ያገኘችው ኤክስ ከአክስቴ ጋር ከገጠመ የአብዱልሰመድ እናት የአክስቴም እናት ናት።

«የኔ አያት ናት» አልኳት። «ዘሃራ ትባላለች። ያንቺም አያት ናት።»

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ሳስብ፣ «ፈልጋ ነው የወለደችው?» አለችኝ።

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገረድ ነበረች። እሱ ባላምባራስ ነው።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም የተማሪ ፈተና እንዳረመ ሰው ስልኩን ዘግቼ ተነሳሁ። ሐዘን መጣ ስል አልመጣም። እምዬ በቁርኣን ላይ የማለችውን አንድ ባንድ አስታወስኩት። ገረድ ነበረች። አጥብታዋለች። ሌላ ጡት አያውቅም። እመቤቲቱ ወተት አልነበራቸውም። አንድም ውሸት አልነበረበትም። እውነቱን ሁሉ ተናግራ፣ ልጇ ዲቃላ እንዳይባል፣ ሴት ልጇም የሥጋ ወንድሟን እንዳፈቀረች እንዳታውቅ፣ የቀረውን ይዛው መቃብር ገባች።

አክስቴ ዘንድ ስሄድ ከደጇ ላይ ባቄላ ትለቅማለች። በፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«መጣ?»

«መጣ፣ እቴት።»

«ታየ?»

መንገድ ላይ ሳስብ የመጣሁት ብዙ ነገር ነበር።

«ታየ» አልኳት።

«ስለዚህ አልዋሸችም።»

«አልዋሸችም።»

እንደ እምዬ እየተናገርኩ መሆኔን አወቅሁ። አክስቴ ሰፌዱን አነሳችና ባቄላውን ከነጠጠሩ ከነግርዱ ወደ ቁናው ገለበጠችው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መቃብሩ ዘንድ ሄድን። ቦታው ከፍ ያለ ነው፤ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። አክስቴ በትሯን ለኔ ሰጥታ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች። ፋቲሓ ቀራን። ከዚያ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ «እማ» አለች። አርባ ሰባት ዓመት ያልተነገረ ቃል ነው፤ ስትለው ግን ድምፅዋ ትናንት የተለያዩ ይመስል ነበር። «እማ፣ አውፍ በይኝ። እኔም አውፍ ብያለሁ።» አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ በትሯን ይዤ ቆምኩ።

ስንመለስ ደከማትና ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን።

«የዚያን ቀን እሱ የተወውን እርጎ አስታወስኩ» አለች በመጨረሻ።

ዞሬ አየኋት። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«በጓዳው ቀዳዳ አየኋት። ዋንጫውን እያዞረች። ግርድና የለመደ ሆድ የጌታ ትራፊ ያምረዋል አልኩ። ይኼን ብዬ ነው የኖርኩት፣ አሲያ። ስለ እናቴ።» መሬቱን በጣቷ ጫረችው። «የጡት እናት እንደዚያ ታደርጋለች?»

የጫማዬን አቧራ አራገፍኩ።

«አስተማሪ ነሽ፤ አልጠይቅሽም። አንቺም አትንገሪኝ። ልጅቱ ስትደውል ግን ጡት ነው በያት።»

«እቴት፣ እሷ ታውቃለች።»

ሐይቁን እያየች ቆየች። «እንግዲያስ እሷ ትወቀው። እኔ የማውቀው ጡት ነው። እናቴ ጡት ነው ብላኛለች፤ በቁርኣን ነው ያለችው።» ከዚያ እጇን ሰጠችኝና አነሳኋት። ጥቂት ሄደን፣ «አንቺስ? ያን ጊዜ ስታዪያት ምን መሰለሽ?» አለችኝ።

«ስስታም መስላኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

በትሯን አቀበልኳት።

ሙስዓብ የወጣ ጠዋት መኪናው ውጪ ጡሩምባ ሲነፋበት ሻዩን ግማሽ ላይ ትቶ ነው የሮጠው። እስከ አስፋልቱ ሸኝቼው ስመለስ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ አለ። ላጥበው አነሳሁት። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ስኳሩ ሥሩ ላይ ተኝቷል። በሩን ዘጋሁት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አድርጌ እያዞርኩ እሱ የጠጣበትን በኩል ፈለግሁና፣ ቆሜ ጠጣሁት።